ለአባቴ ርቀት መለኪያ ስመርጥ

እናቴ ስልክ የምትደውለው ሰው ሲሞት ወይም ሰው ሲዳር ብቻ ነው። ስለዚህ ያን ቀን ከሰዓት፣ ደብረ ታቦር በምሠራበት መድኃኒት ቤት ከባንኮኒው ኋላ ቆሜ የእሷን ቁጥር ሳይ፣ ሰላምታውን ትቼ «ማን ሞተ?» አልኳት።

«ማንም አልሞተ። ሰው ካልሞተ አልደውልም እንዴ?» ብላ ተቆጣች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አባትሽ ያዘዙሽን መሣሪያ ልትገዢ ነው አሉ፤ እውነት ነው?»

«እውነት ነው። ቅዳሜ ባሕር ዳር እወርዳለሁ።»

«እንግዲያስ ስሚኝ። የሚሳሳተውን ግዢላቸው።»

አንድ ደንበኛ የሐኪም ማዘዣውን ዘርግቶ ፊቴ ቆሟል። የእናቴ ነገር አልገባኝም። የሚሳሳት ዕቃ መርጦ የሚገዛ ሰው የት አለ? ምን ማለትሽ ነው ብዬ ብጠይቃት ያንኑ ደገመችልኝ፤ «አደራ» የምትል ቃል ጨመረችበትና ዘጋችው። እናቴ ነገሯን ከጨረሰች ደኅና ሁኚ ማለት አታውቅም።

መሣሪያው የአዳኞች ርቀት መለኪያ ነው። ከመዳፍ አይበልጥም። በአንድ ዓይን ያዩበትና ቁልፉን ሲጫኑት ዓይን የማያየው የሌዘር ጨረር ልኮ ያነጣጠሩበት ነገር ስንት ሜትር እንደሚርቅ በቁጥር ይናገራል። አባቴ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን ያወቁት እኛ አፋፍ ላይ መንገድ ሊቀይሱ ከመጡ ሰዎች ነው። ቀያሾቹ ሦስት እግር ያለውን ትልቁን መሣሪያ ወደ ማዶው ገደል አዙረው ርቀቱን ሲናገሩ፣ አባቴ አጠገባቸው ቆመው ይሰሙ ነበር። በማግስቱ ደወሉልኝ።

«በእጅ የሚያዝ ታናሹም አለ ብለውኛል፤ አዳኝ የሚይዘው። እስቲ ፈልጊልኝ» አሉ።

አባቴ ከእኔ ምንም ነገር ጠይቀው አያውቁም። ጋቢ ስወስድላቸው «ያለኝ ምን ሆነና» ይላሉ፤ ጫማ ስወስድላቸው ለጎረቤት ይሰጣሉ። ስለዚህ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። በመጨረሻ አንድ ነገር ፈለጉ ብዬ ለሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ አወራሁ።

ለምን እንደፈለጉት ለመናገር ግን ስለ በክት መናገር አለብኝ።

እኛ አገር የዱር እንስሳ ታድኖ የሚበላው ነፍሱ ሳትወጣ የተደረሰበት እንደሆነ ነው። ሚዳቋም ይሁን ድኩላ፣ ጥይት ከጣለው በኋላ አዳኙ ደርሶ በስመ አብ ብሎ ቢላዋውን እስኪያሳርፍበት ድረስ በሕይወት መቆየት አለበት። ቀድሞ ከሞተ በክት ነው። በክት ለውሻና ለአሞራ ይተዋል እንጂ ቤት አይገባም፤ የራበው ሰው እንኳ አይነካውም። ሜዳ በሆነ አገር ይህ ችግር አይደለም። የእኛ አገር ግን ታች ጋይንት ነው፤ መሬቱ ለጥ ብሎ ይሄድ ይሄድና በድንገት ገደል ይሆናል። አንድ ጥይት የሚሻገረውን ሸለቆ ሰው ወርዶና ወጥቶ ነው የሚሻገረው። አባቴ ጎረምሶች ስለ ተኩሳቸው ሲፎክሩ በሰሙ ቁጥር «መምታት ማንም ይመታል። መድረስ ነው» ይሉ ነበር።

እሳቸው ይደርሱ ነበር። የባቄላ ማሳችን አፋፉ ላይ ስለሆነ ሚዳቋና ድኩላ ከገደሉ ቁጥቋጦ እየወጡ ይግጡታል። አባቴ ከማሳው በላይ ካለ ጥቁር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ቤልጅግ ጠመንጃቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ይጠብቃሉ። ይተኩሳሉ፤ ከዚያ ይሮጣሉ። ልጅ ሆኜ የማስታውሰው እናቴን ነው። የተኩሱን ድምፅ ስትሰማ ሽንኩርት መክተፍ ትጀምራለች። መቱ ወይ፣ ደረሱ ወይ ብላ አትጠይቅም ነበር።

ዓምና ግን የተከተፈው ሽንኩርት ለሽሮ መዋል ጀመረ። አባቴ ተኩሰው፣ መተው፣ ወርደው፣ እንስሳው ሞቶ ያገኙታል። ቢላዋቸውን ሳያወጡ ይመለሳሉ፤ እጃቸውን ይታጠባሉ። ሰው የማይበላውን መግደል እሳቸው ዘንድ ከስርቆት አይተናነስም። በመጨረሻው ጊዜ የተመለሱት ጀንበር ከጠለቀች በኋላ ነው፤ ቋጥኝ ላይ ወድቀው ጉልበታቸው ተልጦ ነበር። እናቴ ቁስሉን በሞቀ ውኃ ስታጥብ «ቅርብ መስሎኝ ነው» አሏት። «ዓይኔ እያታለለኝ ነው፤ ርቀት መለየት አቃተኝ።» ጠመንጃውንም ግድግዳው ላይ ሰቀሉት። ከዚያ በኋላ ነው ቀያሾቹ የመጡት። ርቀቱን በትክክል የሚነግረኝ ነገር ካገኘሁ ከምደርስበት አልፌ አልተኩስም፣ እንደ ድሮዬ አድናለሁ ብለው ነው መሣሪያውን ያዘዙኝ።

ማታ ለእናቴ መልሼ ደወልኩ። አባቴ ለጸሎት ወጥተው ስለነበር እንደ ልቧ አወራች።

«የአባትሽ ዓይን ምንም አልሆነ» አለችኝ። «ማዶ የሚሄደውን ሰው ከደጃፍ ሆነው በአረማመዱ ይለዩታል። እግራቸው ነው። ሽቅብ ሲወጡ እኔ እኮ ቆሜ ነው የምጠብቃቸው፤ የቀጋ ፍሬ የምለቅም እየመሰልሁ።»

«እሳቸው አያውቁትም?»

«አያውቁትም። ዓይኔ ነው ብለው አምነዋል፤ ተያቸው ይመኑ። የሚሳሳተውን ከገዛሽ ያ መሣሪያ ከዓይናቸው ጋር አይስማማም፤ አየሽ፣ ዓይኔ ነው ብለው ያርፋሉ። ትክክለኛውን ከገዛሽ ግን ዓይንዎ ደኅና ነው ይላቸዋል። ዓይናቸው ደኅና ከሆነ ታዲያ ምናቸው ነው የደከመ?»

«ቢያውቁትስ፣ እማዬ? ዓይንም እግርም ያው እርጅና ነው።»

«ያው አይደለም!» ብላ ጮኸች። «እዚሁ ጋይንት ቤተ ልሔም ያሉት የኔታ ዓይናቸው ከጠፋ ስንት ዘመናቸው ነው። ድጓውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በቃላቸው ያወርዱታል፤ የስንቱ አገር ተማሪ መጥቶ እግራቸው ሥር ይቀመጣል። ዓይኑ የደከመን ሰው ሰው ያከብረዋል። እግሩ የደከመን ገበሬ ግን ምን ይሉታል? ተቀመጥ ነው የሚሉት። አባትሽ ተቀመጥ የተባሉ ዕለት ይሞቱብኛል።»

የጋይንት ልጅ ነኝና ትክክል መሆኗን አውቃለሁ። ዓይነ ስውር መምህር ሲያልፍ ፈረሰኛ የሚወርድበት አገር ነው ያደግሁት። ልትከላከልላቸው የፈለገችውን ነገር ሳስብ እናቴን ወደድኳት፤ ተናደድኩባትም። ሁለቱ ስሜቶች እሷ ላይ ሁልጊዜ አብረው ነው የሚመጡብኝ።

ቅዳሜ ባሕር ዳር ደረስኩ። ሱቁ ካሜራ፣ የእጅ ባትሪና አቅራቢ መነጽር የሚሸጥበት ነው። ሻጩ ወጣት ልጅ ነው፤ የጆሮ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል። ርቀት መለኪያ ስለው አየት አደረገኝ።

«ለማን ነው እህቴ?»

«ለአባቴ።»

«ጎልፍ ይጫወታሉ?»

ሱቁን በሳቅ ሞላሁት። አባቴ በነጭ ሱሪ ኳስ እየመቱ ሜዳ ላይ ሲንሸራሸሩ ታዩኝ። «አባቴ የሚጫወቱት ከገደል ጋር ነው» አልኩት። ልጁም ሳቀና ሦስት መሣሪያ አውጥቶ መስታወቱ ላይ ደረደረልኝ።

ሥራውን ያውቃል፤ ታግሦም ያስረዳል። የመጀመሪያው ለጎልፍ የተሠራ ነው፤ ፊቱ ከተደረደረው ነገር ሁሉ ቅርቡን መርጦ ይለካል። ለእኛ ቁጥቋጦ አይሆንም፤ ሚዳቋዋን ትቶ ፊቷ ያለውን ቅጠል ነው የሚለካው። ሁለተኛው ለአዳኝ የተሠራ ነው። ቅጠሉን አልፎ ከኋላ ያለውን ይለካል፤ ወደ ቁልቁለት ሲያዩበትም የመሬቱን ማዘንበል አስልቶ ይናገራል። ቁጥሩ በቀይ ብርሃን ስለሚጻፍ ጥላ ላይም ይነበባል። ሦስተኛው ርካሽ ነው፤ የት እንደተሠራም አይታወቅ፤ ቁጥሩ ጥቁር ነው፣ ጥቁር ነገር ላይ ሲያነጣጥሩበት ይጠፋል።

«ልሞክራቸው» አልኩና ይዣቸው በር ላይ ወጣሁ። ከመንገዱ ማዶ አንድ ዘንባባ መረጥኩ። የአዳኙን መሣሪያ ደጋግሜ ብጫነው ያንኑ ቁጥር ደጋገመልኝ። ርካሹን አነሣሁ። መጀመሪያ መቶ አርባ አለኝ። ደግሜ ስጫነው ዘጠና ስድስት አለኝ። በሦስተኛው ምንም ሳይል ሰረዝ ብቻ አሳየኝ። ዘንባባው እንደሆነ ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

«ፀሐይ ሲበዛበት ነው» አለ ልጁ እያፈረ።

ይኸውላችሁ፣ እናቴ ያዘዘችው ዕቃ! ዓለም ላይ ተፈልጎ የማይገኝ ይመስለኝ የነበረው ውሸታም መሣሪያ እጄ ላይ ተቀምጧል። እውነቱን ለመናገር ይዤው ብዙ ቆምኩ።

መድኃኒት ቤት በየቀኑ የሚገጥመኝ ነገር አለ። ልጆች አባታቸውን ይዘው ይመጡና ከኋላ ሆነው ይጠቅሱኛል፤ «የልብ ነው እንዳትያቸው፣ ቫይታሚን ነው በያቸው» ይሉኛል። እኔ ደግሞ በዚህ ነገር ትዕግሥት የለኝም። «ሰውየው የገዛ ልባቸውን የማወቅ መብት የላቸውም ወይ?» ብዬ በሕዝብ ፊት አሳፍራቸዋለሁ። አሁን ከባንኮኒው ማዶ የቆምኩት እኔ ነኝ። እነዚያ ልጆች ክፉዎች አለመሆናቸው ያን ቀን ነው የገባኝ፤ እንደኔው የጨነቃቸው ናቸው።

ቢሆንም ያ የተላጠ ጉልበት ከዓይኔ አልጠፋ አለ። መቶ አርባውን ዘጠና ስድስት ብሎ የሚናገር መሣሪያ ይዘው ገደል አፋፍ ላይ ሲቀመጡ አሰብኩ። አባቴ ቁጥሩን ያምኑታል፤ ከእኔ እጅ የመጣ ነገር ስለሆነ አምነውት ይወርዳሉ። እናቴ የፈራችው ኀዘናቸውን ነው። እኔ የፈራሁት መውደቃቸውን ነው። የአዳኙን ገዛሁና ከሱቁ ወጣሁ፤ በእናቴ ተናድጄ፣ በገደሉ ተናድጄ፣ ያለ ፈቃዴ በሚያረጁት አባቴም ተናድጄ።

አገር ቤት የገባሁት የነቢያት ጾም ሊይዝ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። በነፋስ መውጫ ዞሬ አርብ ገበያ ደረስኩና የቀረውን በእግሬ ሄድኩ። ገብሱ ታጭዷል፤ ነዶው በየማሳው ተከምሯል፤ አውድማ የሚለቀልቁ ሰዎች ከሩቅ እየተጣሩ ሰላምታ ሰጡኝ። እናቴ አጥሩ ጥግ ቆማ ትጠብቀኛለች። ሳትስመኝ በፊት «የትኛውን ነው?» አለችኝ።

«የማይሳሳተውን።»

እጇን በእጇ አጨበጨበች። «የአባትሽ ልጅ!» አለችኝ፤ በእሷ አፍ ይህ ትልቅ ስድብ ነው። ከዚያ አገላብጣ ሳመችኝ።

አባቴ መሣሪያውን ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ታጠቡ። ከቦርሳው አውጥተው እንደ ጫጩት በሁለት መዳፋቸው ያዙት። «ይቺ ናት?» አሉ፤ «ይቺ ታናሽ?» ደስታቸው ፊታቸውን ሞላው። ጠመንጃቸውን ከግድግዳው አወረዱና አፋፉ ይጠራናል አሉ። እናቴ ማገዶ ልለቅም ብላ ተከተለችን። ያን ቀን አንዲት እንጨት አልለቀመችም።

ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ማያውን እያዞርኩ ለዓይናቸው አስተካከልኩላቸው፤ ቁልፉንም አሳየኋቸው። አባቴ በወጣትነታቸው ሚሊሻ ሆነው ከሠለጠኑ ወዲህ ርቀትን በሜትር ነው የሚያስቡት፤ ጠመንጃቸውም ላይ ያለው ቁጥር እሱ ነው።

«እስቲ መጀመሪያ እኔ ልበል፤ ከዚያ እሱ ይበል» አሉ። «ዓይኔ ምን ያህል እንደሚያታልለኝ እንየው። ከባቄላው በታች ያለው ወይራ መቶ ሠማንያ ይሆናል።»

ተጫኑት። ቁጥሩን ሲያነቡ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። «መቶ ሠማንያ ሁለት» አሉ።

እናቴ ወደ እኔ አየች። እኔ ወደ ገደሉ አየሁ።

«እንዲያው በዕድል ነው» አሉና ሌላ ፈለጉ። ከወይራው ባሻገር ያለውን ነጭ ቋጥኝ ገመቱ፤ ልክ ሆነ። የምንጯን ሾላ ገመቱ፤ ልክ ሆነ። ማዶ ገደሉ ግንባር ላይ ያለውን የቤተ ክርስቲያን ዛፍ ገመቱ፤ መሣሪያው ከእሳቸው ጥቂት ሜትር ብቻ ተለየ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ላይ እንደ ልጅ ሳቁ፤ «አያችሁ? አያችሁ?» እያሉ ወደ ሁለታችንም ዞሩ። የኩራታቸው ነገር ለጊዜው ሁላችንንም አስረሳን። ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ ከፊታቸው ወረደ። መሣሪያውን ጭናቸው ላይ አኖሩት።

«ዓይኔ ደኅና ነው» አሉ። መርዶ እንደሰማ ሰው ነበር የተናገሩት።

«መሣሪያው ነው የተሳሳተ!» አለች እናቴ ከኋላ። «የፈረንጅ ዕቃ የእኛን ገደል በምን ያውቀዋል?»

«እኔና እሱ ሳንነጋገር አንድ ላይ አንሳሳትም» አሏት፤ አልተቆጡም። ወደ ማሳው ዞሩ። እናቴ ትክክል ነበረች፤ ውሸታሙን መግዛት ነበረብኝ እያልኩ ራሴን ረገምኩ።

አባቴ ተነሡ። «ይዘሽልኝ ቁሚ» ብለው መሣሪያውን ሰጡኝ።

«ወዴት ነው አባዬ?»

«የምደርስበትን ላየው።» ጠመንጃቸውን ከድንጋዩ አስደገፉ። «እኔ ስተኩስ ጸሎተ ሃይማኖት እጀምራለሁ፤ እየሮጥሁ እደግማለሁ። ሳልጨርስ ከደረስሁ ነፍሱ አለች፤ ጨርሼ ከሆነ ወጥታለች። አባቴ ነው ያስተማረኝ። ዛሬም እንደዚያው አደርጋለሁ። ጸሎቱን ስጨርስ እቆማለሁ። አንቺ የቆምሁበትን ለኪ።»

ይህን ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። ያ ሁሉ ሩጫ፣ ያ ሁሉ የልጅነቴ ተኩስ ውስጡ ጸሎት እንደነበረበት አላወቅሁም ነበር።

አማተቡና ጀመሩ። የሚሮጡ መስሎኝ ነበር፤ እሳቸውም የሚሮጡ መስሏቸው ነበር። ጥቂት ዘለል ዘለል አሉና ወደ እርምጃ ተመለሱ። ቁልቁለቱ ላይ አንድ እጃቸው ጉልበታቸውን ይደግፋል። ድምፃቸው ይሰማናል፤ አላፈጠኑትም፣ አላዘገዩትም፣ ቅዳሴ ላይ ከሕዝቡ ጋር እንደሚሉት አድርገው ነው የሚሉት። ከባቄላው ካብ ሳይደርሱ ጸሎቱ አለቀ። ባሉበት ቀጥ ብለው ቆሙ።

መሣሪያውን ወደ ዓይኔ አስጠጋሁ። አባቴ ፊቴ መጡ። የጋቢያቸው ጥለት፣ የአንገታቸው ሽብሽብ፣ ሲተነፍሱ የሚነሣና የሚወርደው ትከሻቸው ሁሉ ቅርብ ሆነ። ቁልፉን ተጫንኩት፤ ቀዩ ቁጥር ጀርባቸው ላይ ተጻፈ። ሰው እንዲህ ባለ ነገር ውስጥ አባቱን ማየት የለበትም።

«ስንት አለ?» አሉ ሳይዞሩ።

«ጨምሪበት» አለችኝ እናቴ በሹክሹክታ። ክንዴን ጨመቀችው። «እባክሽ ልጄ፣ ጨምሪበት።»

ከባሕር ዳር ጀምሮ የሸሸሁት ነገር ምላሴ ላይ መጥቶ ተቀመጠ። መቶ ሃያ ብል ማን ያውቃል? ግን አባቴ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ነው የቆሙት፤ ሙሉ በሙሉ አምነውኝ።

«ሰባ አንድ!» ብዬ ጮኽኩ።

ቆይቶ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እናቴ «አለቀሱ» ብላ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ሲዞሩ ግን እየሳቁ ነበር።

«ሰባ አንድ ላይ የሚመጣልኝ የእናትሽ ዶሮ ብቻ ነው!» አሉ ከታች።

ሲወጡ ጊዜ ወሰደባቸው። እናቴ በዚህ ጊዜ ቀጋ የምትለቅም አልመሰለችም፤ ወርዳ ክንዳቸውን ይዛ አመጣቻቸው፤ እሳቸውም እምቢ አላሉ። ድንጋዩ ላይ አረፉና ትንፋሻቸው ሲመለስ ጠመንጃቸውን አነሡ። ጥይቶቹን አንድ በአንድ አወጡና የእናቴ መዳፍ ላይ አኖሯቸው።

«እንግዲህ ባቄላውን ቆርቆሮ እያንኳኳን እንጠብቀዋለን» አሉ። እናቴ ስታለቅስ አይተው «ምን ያስለቅስሻል? ዓይኔ ደኅና ነው ተባልሽ አይደል?» አሏት።

«እኔ ይህን ነበር የፈራሁት» አለች።

«የፈራሽውን ካየሽው አለቀ» አሉ አባቴ። እጇን ያዙ። እነሱ በእኔ ፊት እጅ ለእጅ ሲያያዙ አይቼ አላውቅም፤ ፊቴን አዞርኩ።

አባቴ ግን ዝም ብለው አልተቀመጡም። መሣሪያውን ከእጄ ወሰዱና ወደ ማሳው አነጣጠሩበት፤ ከዚያ እኔን ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ።

«አንቺስ? አንቺ እስከ የት ትደርሻለሽ?»

«እኔ? ቀኑን ሙሉ ባንኮኒ ተደግፌ የምውል ሰው ነኝ እኮ።»

«ጫማሽን አውልቂ። ጸሎቱን እኔ እልልሻለሁ፤ አንቺ ሩጪ።»

ጫማዬን አወለቅሁ፤ ቀሚሴን ወገቤ ላይ ሸጎጥኩ። አባቴ አማተቡ፤ ጸሎተ ሃይማኖትን ጀመሩ፤ እኔም ቁልቁል ተለቀቅሁ። በባዶ እግሬ ያችን መሬት ከረገጥኩ ዘመን ሆኖኛል። ድንጋዩ ይወጋኛል፣ ገለባው ያዳልጠኛል። አባቴ የቆሙበትን ቦታ አለፍኩ፤ ካቡን ዘለልኩ፤ ባቄላው መሐል ስገባ ትንፋሼ አለቀ። እግሬ ከበደኝ። ጸሎቱ አሁን ያልቃል፣ እቆማለሁ ብዬ ጠበቅሁ።

አላለቀም። የአባቴ ድምፅ ከላይ ቀስ እያለ፣ እየተሳበ መጣ። እያንዳንዱን ቃል እንደ ድጓ ዜማ ይጎትቱታል፤ አንዱን ቃል ይዘው ያዞሩታል፣ ያወጡታል፣ ያወርዱታል፣ ሊለቁት አይፈልጉም። ለራሳቸው አንዲት ፊደል ያላረዘሙት ሰው!

«አንቱ ሰውዬ!» ስትል ሰማኋት እናቴን። «ጸሎቱን ዜማ አደረጉት እኮ! ኧረ ኃጢአት ነው፣ ይጨርሱት!»

አባቴ ቃሉን ይበልጥ ጎተቱት። እየሳቅኩ፣ እንባዬ ጉንጬ ላይ እየወረደ ሮጥኩ። ባቄላው አለቀ። ወይራውን አለፍኩ። አባቴ ገና አልጨረሱም።